ሌሊት የሚጮኸው የካምፐር ጋዝ ጠቋሚ፦ ምን እንደነካው ማወቅና በአዲስ መቀየር

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ኮሎራዶ ውስጥ፣ ሮኪ ተራሮች ላይ ካምፐራችንን፣ ማለትም ተንቀሳቃሽ ቤታችንን፣ አቁመን ተኝተናል። ውጭው ውርጭ ነው። ከወለሉ አጠገብ የሆነ ነገር «ጢጥ» አለ። ከዚያ ዝም። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንደገና «ጢጥ»። ባለቤቴ «ጋዝ ነው እንዴ?» ብላ ተነሳች። እኔ ያደረግሁትን ሳስታውስ አሁንም አፍራለሁ። ፎጣ አምጥቼ ሸፈንኩትና ተመልሼ ተኛሁ።

ጋዝ አልነበረም። ይህን ያወቅሁት ግን ሲነጋ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የተኛሁት በዕውቀት ሳይሆን በዕድል ነው።

ከዚያ ወዲህ የራሴን ቀይሬያለሁ፣ የሁለት ጓደኞቼንም እንዲሁ። መቀየሩ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የሚያስቸግረው ከመቀየር በፊት ያለው ነው። ይህ ትንሽ ሣጥን ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይናገራል። «ጋዝ አለ» ይላል፣ «ባትሪው ደከመ» ይላል፣ «እኔ አርጅቻለሁ» ይላል። ሦስቱን ያልለየ ሰው ወይ ደህናውን አውጥቶ ይጥላል፣ ወይ እንደ እኔ ፎጣ ያለብሰዋል።

ሳያቋርጥ ከጮኸ ምርመራ የለም

ድምፁ ተከታታይና ኃይለኛ ከሆነ፣ ቀይ መብራትም ከበራ፣ ካቻቢቴ ፍለጋ አትሂዱ። ጋዝ አለ ብላችሁ እመኑ። የሚነድ ምድጃ ካለ አጥፉና ሰዉን ሁሉ ይዛችሁ ውጡ። መብራት አታብሩ፣ የበራውንም አታጥፉ። ማብሪያ ማጥፊያ ሲነካ ብልጭታ አለው። በሩን ክፍት አድርጋችሁ ተዉት። ውጭ ያለውን ሲሊንደር ዝጉ። ከዚያ ራቅ ብላችሁ 911 ደውሉ።

ሲሊንደሩን ቶሎ መዝጋት ያስፈለገበት ምክንያት አለ። የካምፐር ማሞቂያ፣ የውሃ ማሞቂያና በጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ ብዙውን ጊዜ በራሳቸው ነው የሚቀጣጠሉት። እናንተ ምንም ሳትነኩ እነሱ ብልጭታ ሊፈጥሩ ይችላሉ።

«ጋዝ ቢኖር ይሸተኝ ነበር» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። የካምፐር ጋዝ፣ ማለትም ፕሮፔን፣ በተፈጥሮው ሽታ የለውም። የምናውቀው ያ የበሰበሰ ጎመን የመሰለ ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመር ኤቲል ሜርካፕታን የሚባል ነገር ነው። አፍንጫ ደግሞ ቶሎ ይለምዳል። የተኛ ሰው ወይም ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫማ ለዚህ አይታመንም።

ጠቋሚው ወለል አጠገብ የተገጠመውም በከንቱ አይደለም። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይከብዳል። እንደፈሰሰ ውሃ ወለል ላይ ይተኛል። በአየር ውስጥ ከ2 በመቶ ትንሽ ሲያልፍ መቀጣጠል ይችላል። ጠቋሚው የሚጮኸው የዚህ ሩብ እንኳ ሳይሞላ ነው። ስለዚህ ሲጮኽ ለመውጣት ጊዜ ሰጥቷችኋል ማለት ነው። ጊዜውን በክርክር አትጨርሱት።

ዛሬ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ሁለት በአንድ ናቸው። ፕሮፔንንም ካርቦን ሞኖክሳይድንም ይጠብቃሉ። የቱ እንደጮኸ የሚነግራችሁ ፊቱ ላይ ያለው መብራትና ጽሑፍ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። እሱን የሚጠብቀው ክፍል አሠራሩም ይለያል፣ የጋዙን መጠንና የቆየበትን ጊዜ አንድ ላይ ነው የሚያየው። በአሜሪካ ደረጃ መሠረት ከሚሊዮን የአየር ክፍል 70 ሲሆን የሚጮኸው ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። 400 ሲደርስ ግን ከ4 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ መጮኽ አለበት። ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ካለ ለ911 ስትደውሉ ይህንኑ ንገሩ።

እዚህ ላይ ለእኛ ሰው አንድ ነገር ልበል። ካምፐር ውስጥ ከሰል አታቀጣጥሉ። ለቡናም፣ ለዕጣንም፣ ለሙቀትም። ቤት ዘግቶ ከሰል አንድዶ ያደረ ሰው ምን እንደሚሆን ሀገር ቤት ሁላችንም ሰምተናል። ካምፐር ደግሞ ከአንድ ክፍል ቤት ያነሰ ነው። ቡናው ውጭ ይቆላ፣ ለነገሩ ተራራ ላይ ውጭ ነው የሚያምረው።

በመጀመሪያ፣ የሚጮኸው የትኛው ነው?

አሁን ወደዚያ ወደሚያናድደው፣ እየቆየ ወደሚመጣው «ጢጥ» እንምጣ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ አንዱ ጓደኛዬ ደህናውን ጋዝ ጠቋሚ ነቅሎ አዲስ ገጠመ። ጢጥታው ቀጠለ። ለካ የሚጮኸው ጣሪያ ላይ ያለው የጭስ ጠቋሚ ነበር። ባለ 9 ቮልት ባትሪው አልቆ ነው።

ጠባብ ቦታ ላይ አጭር ድምፅ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ያስቸግራል። ጆሯችሁን አስጠግታችሁ ሁለት ሦስት ጢጥታ ጠብቁ። ጣሪያ ላይ ያለው ከሆነ ባትሪ ቀይሩለት፣ አበቃ። ወለል አጠገብ ያለውና ከግድግዳው ሽቦ የሚመጣለት ከሆነ ቀጥሉ።

ባትሪው ይፈተሽ

የካምፐር ጋዝ ጠቋሚ ብዙውን ጊዜ የራሱ ባትሪ የለውም። የሚሠራው ለካምፐሩ ውስጥ ዕቃዎች ኃይል በሚሰጠው በዚያው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። ባትሪው ሲደክም ጠቋሚው ማጉረምረም ይጀምራል።

የዚያ ሌሊት ታሪክ ይኸው ነበር። ማሞቂያችን በጋዝ ቢሠራም ሙቀቱን የሚነፋው ማራገቢያ በባትሪ ነው የሚዞረው። ሌሊቱን ሙሉ ዞረ። ብርዱ ራሱ ባትሪውን ያዳክማል። ገና ሳይነጋ ባትሪው ተንጠፈጠፈ። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ጢጥታው ቀን የማይሰማው፣ ጎህ ሊቀድ ሲል የሚጀምረው።

ቴስተር አምጡ። ቀጥታ ኤሌክትሪክ ላይ፣ 20 ቮልት የሚለው ጋ አድርጉት። ካምፐሩ ውጭ ካለ መስመር ጋር ከተያያዘ ንቀሉት፣ አለዚያ የምትለኩት ቻርጀሩን ነው። ከቻርጅ ከወጣ በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ያረፈ፣ ጤነኛ የሊድ አሲድ ባትሪ (እንደተለመደው የመኪና ባትሪ ያለው) 12.6 ገደማ ያሳያል። 12.1 አካባቢ ከሆነ ግማሹ አልቋል። ከዚያ በታች ከሆነ ጠቋሚውን ከመውቀሳችሁ በፊት ባትሪውን ሙሉ። ሞልታችሁ ጢጥታው ከቆመ ሥራው አለቀ ማለት ነው። ባትሪው ግን ለምን እንደደከመ ማወቅ የእናንተ ፋንታ ነው።

የእኔ አልቆመም። ባትሪው 12.7 እያሳየ ጢጥ ማለቱን ቀጠለ። ሁለት በሽታ አንድ ላይ ነበረበት።

አየሩም ያሳስተዋል

ውስጡ ያለው ጋዝ የሚያሸት ክፍል የሚቀጣጠል ነገር ትነት ሁሉ ይነካዋል። የፀጉር ስፕሬይ፣ ሽቶ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ ማስቲሽ፣ አዲስ ምንጣፍ፣ አልኮል ያለበት ማጽጃ፣ ሁሉም ያስጮኸዋል። አረቄ ወለል ላይ ከፈሰሰም እንዲሁ። ልጃገረድ ያለችበት ቤት የፀጉር ስፕሬዩን በመጀመሪያ ጠርጥሩ።

አንድ ሰው የማይጠረጥረው ደግሞ አለ። የሊድ አሲድ ባትሪ ከመጠን በላይ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ያወጣል። ባትሪው ከአልጋ ሥር ወይም ከመቀመጫ ሥር ከሆነና ትነቱ በደንብ ካልወጣ፣ ጠቋሚው ሃይድሮጅኑን አሽትቶ ይጮኻል። ቻርጀር ስትሰኩ ብቻ የሚጮኽ ከሆነ ወደዚያ ተመልከቱ። ይህ «የሐሰት ጩኸት» ቢባልም እኔ ሐሰት አልለውም። ሃይድሮጅንም ይነዳል።

ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በሩንና መስኮቱን ከፍታችሁ አናፍሱ። ፊቱ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በቫክዩም ሳቡ፣ ውጪውን እርጥብ በሆነ ጨርቅ ብቻ ጥረጉ። ማጽጃ አትንፉበት። ከተናፈሰ በኋላ ዝም ብሎ ከቆየ፣ ሲሊንደሩን ክፈቱና እንደገና ተከታተሉ። ሲሊንደሩ ሲከፈት ብቻ የሚጮኽ ከሆነ ያ አየር አይደለም፣ የሚያፈስ ጋዝ ነው።

ዕድሜው

ጋዝ የሚያሸተው ክፍል ያረጃል። እንደ ሞዴሉ አብዛኛዎቹ የሚያገለግሉት 5 ወይም 7 ዓመት ነው። ብዙዎቹ ውስጣቸው ሰዓት ቆጣሪ አላቸው። ጊዜያቸው ሲያልቅ በየ25 ወይም 30 ሴኮንዱ ጢጥ እያሉ መብራታቸውን ከቀይ ወደ አረንጓዴ ያቀያይራሉ። የእናንተው ምልክት የቱ እንደሆነ ጀርባው ላይ ወይም መመሪያው ላይ ተጽፏል።

የተሠራበት ቀን ያለውም ጀርባው ላይ ነው። ሁለት ብሎን ፈትታችሁ ወደ ፊት ሳብ አድርጋችሁ እዩት። የእኔን ስገለብጠው 2012 ይላል። ካምፐሩን ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ ለማየት አስቤም አላውቅ። አሥራ አንድ ዓመት! ያ መሣሪያ ጢጥ ማለቱ ራሱ ውለታ ነው።

ያረጀውን ለመጠገን አትሞክሩ። ሣጥኑን ከፍቶ ማጽዳት፣ የድምፅ ማውጫውን ማላቀቅ፣ ሽቦውን ነቅሎ እንደገና በመሰካት ማታለል፣ ይህ ሁሉ ትርፉ ድካም ነው። ያረጀ ጠቋሚ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ጋዝ ላያሸት ይችላል። የመፈተሻ ቁልፉም ቢሆን በዋናነት ድምፁና መብራቱ መሥራታቸውን ነው የሚነግራችሁ።

ምንም መብራት ከሌለውስ? ያኔ ፊውዝ ነው የሚታየው። በፊውዝ ሣጥኑ ውስጥ ፈልጉ፣ ካላገኛችሁ ባትሪው አጠገብ ሽቦው ላይ የተንጠለጠለ ትንሽ የፊውዝ ቤት ይኖራል። የተቃጠለውን በዚያው አምፒር ተኩ፣ በሚበልጥ አይደለም። ፊውዙ ደህና ሆኖ ከጠቋሚው ጀርባ 12 ቮልት ከደረሰ፣ ነገር ግን መብራት ከሌለ፣ መሣሪያው ሞቷል።

ምን ይገዛ?

ከ60 እስከ 100 ዶላር አካባቢ ይዛችሁ ውጡ። የቤት ጠቋሚ አትግዙ። «ለአር ቪ» (RV፣ ለካምፐር ማለት ነው) የተባለውን፣ በ12 ቮልት የሚሠራውን ነው የምትፈልጉት። መንቀጥቀጡንና የሙቀት መለዋወጡን እንዲችል ሆኖ የተሠራው እሱ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌውን አውጥታችሁ ቀዳዳውን ለኩ። አንዳንዱ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ፊቱ ብቻ የሚታይ ነው። ሌላው ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ ነው፣ ከኋላው ለሽቦ የምትሆን ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ይበቃዋል። ያለ ልኬት የገዛ ሰው መጋዝ ፍለጋ ይሄዳል። የሽቦውንም ብዛት ቁጠሩ። አብዛኛው ሁለት ብቻ ነው። ከሁለት በላይ ካገኛችሁ አሮጌው የጋዝ መዝጊያ ቫልቭ የሚያዝ ዓይነት ሊሆን ይችላል፣ እንዲህ ያለውን ለባለሙያ ተዉለት።

ሣጥኑ ላይ የተሠራበትን ቀንም እዩ። ሱቅ ውስጥ ሦስት ዓመት የተቀመጠ መግዛት ዕድሜውን ለሻጩ መስጠት ነው።

መቀየሩ

ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ የሽቦ መላጫ፣ ሽቦ መጭመቂያ ፒንሳና የሚጨመቁ የሽቦ ማያያዣዎች አዘጋጁ። ካቻቢቴው ላይ አስተውሉ፣ የአሜሪካ ካምፐሮች ብዙ ጊዜ አናቱ አራት ማዕዘን የሆነ ብሎን ነው ያላቸው። ሁለት ቁጥር ካቻቢቴ ይሆነዋል።

1. ሲሊንደሩን ዝጉ። የውጭውን የመብራት መስመር ንቀሉ። ሶላር ካለ እሱንም አላቅቁ። በመጨረሻ ከባትሪው ኔጌቲቩን ፍቱ። ፊውዝ ማውጣት ብቻውን አይበቃም። ጠቋሚው ብዙ ጊዜ በዋናው ማጥፊያ ሳያልፍ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ስለሚያያዝ ሁሉም ነገር ጠፍቶ እሱ ሊበራ ይችላል።

2. ብሎኖቹን ፈትታችሁ መሣሪያውን ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ሽቦው አጭር ነው፣ አትጎትቱት። ፎቶ አንሱ። አንድ ፎቶ ስንት ጭቅጭቅ ያድናል መሰላችሁ።

3. ሽቦውን አንድ በአንድ ቁረጡ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አይደለም። ከግድግዳው የሚመጣው በቂ ርዝመት እንዲኖረው ወደ አሮጌው መሣሪያ ጠጋ ብላችሁ ቁረጡ። የተቆረጠው ጫፍ ወደ ግድግዳው ውስጥ እንዳይገባ በናስትሮ ውጭ ለጥፉት። እኔ አንዱ አምልጦኝ በሽቦ መንጠቆ ሳጠምድ ቆይቻለሁ።

4. ፖዘቲቩን በቀለም አትመኑ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በጠቋሚው በኩል አብዛኛውን ጊዜ ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው። ከግድግዳው በሚመጣው በኩል ግን ብዙ የአሜሪካ ካምፐሮች ጥቁሩን ፖዘቲቭ፣ ነጩን ኔጌቲቭ ያደርጉታል። ጥቁርን ከጥቁር ያገናኘ ሰው አዲሱን መሣሪያ ገና ሳይጠቀምበት ሊያቃጥለው ይችላል። ጫፎቹ እንዳይነካኩ አራርቁና ባትሪውን ለአፍታ መልሳችሁ በቴስተር ለኩ። ፊቱ የመቀነስ ምልክት ሳይኖር 12 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ የቴስተሩ ቀይ ጫፍ የነካው ፖዘቲቩን ነው። የመቀነስ ምልክት ከመጣ ተገላቢጦሽ ነው። ፖዘቲቩ ላይ ናስትሮ አስሩና ባትሪውን እንደገና ፍቱ።

5. ጫፎቹን ላጡ፣ ማያያዣ ውስጥ አስገቡና ጭመቁ። ከዚያ እያንዳንዱን ሳብ አድርጋችሁ ፈትሹ። ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ቤት ውስጥ ይሠራ ይሆናል፣ ካምፐር ግን በሰዓት 65 ማይል የሚንቀጠቀጥ ቤት ነው። የእኔን ስከፍት ያገኘሁት እንዲህ ያለ ጥቅል ነበር። የቀድሞው ባለቤት አንድ ጊዜ ቆርጦት መልሶ ጠምዝዞታል።

6. ሽቦውን ወደ ውስጥ አጣጥፋችሁ መሣሪያውን ግጠሙ። ከወለሉ ከ4 እስከ 20 ኢንች ያህል ከፍ ማለት አለበት፣ የአምራቹ መመሪያ ሌላ ካላለ። አሮጌው ከነበረበት ባትወጡ ጥሩ ነው። ከመጋረጃ ኋላ አይደበቅ፣ የማሞቂያ ነፋስም ፊት ለፊት አይምታው። ብሎኑን ከመጠን በላይ አታጥብቁ፣ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል።

7. ባትሪውን መልሱ፣ ከዚያ ሶላሩንና የውጭውን መስመር። መብራቱ ለጥቂት ደቂቃ ብልጭ ድርግም ይላል። አትደንግጡ፣ ውስጡ እየሞቀ ነው። ቋሚ አረንጓዴ ሲሆን የመፈተሻ ቁልፉን ተጫኑ። ጆሮ የሚያስይዝ ድምፅ ካወጣ ተሳክቷል።

ላይተር ሳያበሩ ጋዙን እየለቀቁ መፈተሽ የሚወዱ አሉ። መመሪያው የፈቀደው ሞዴል ካልሆነ እኔ አላደርገውም።

መስመሩንም በሳሙና

ጠቋሚው ሲለወጥ ጋዙ ራሱ መፈተሽ አለበት። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በውሃ በጥብጡ። አሞኒያ ወይም ክሎሪን ያለበት አይሁን፣ ናሱን ይበላዋል። ሲሊንደሩን በዝግታ ክፈቱ። በፍጥነት ከከፈታችሁት የጋዙን ፍሰት የሚገድበው መሣሪያ ጋዙን ያፍንና የምድጃው ነበልባል ደክሞ ሲንቀጠቀጥ ይውላል። ከዚያ ሳሙናውን መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ ላይ በብሩሽ ቀቡ፣ የሲሊንደሩ ቫልቭ ላይ፣ ጎማው ላይ፣ ሬጉሌተሩ (የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው) ላይ፣ ከምድጃው ኋላ። አረፋ ካበጠ ያፈሳል። ዝጉና ባለሙያ ጥሩ። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ካያችሁ ክብሪቱን ተቀበሉት።

ካምፐሩ ሲቆም

የቀድሞው ባለቤት ሽቦውን ለምን እንደቆረጠ የገባኝ በኋላ ነው። ጠቋሚው ቀን ከሌት ይበላል። የቆዩት አንድ አሥረኛ አምፒር ያህል ይወስዳሉ። ይህ በቀን 2.4 አምፒር ሰዓት ነው። 100 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ በሦስት ሳምንት ግማሹ ያልቃል። ሰውዬው ክረምቱን ባትሪው እየሞተበት ተማሮ መሆን አለበት። መቁረጥ ግን አያስፈልግም ነበር። ካምፐሩ ሳይነዳ የሚቆም ከሆነ፣ ሰውም የማያድርበት ከሆነ፣ ሲሊንደሩን ዝጉና ከባትሪው ኔጌቲቩን ፍቱ። በጸደይ ስትመልሱት መብራቱ እስኪረጋ ጠብቁና ቁልፉን ተጫኑ።

የገጠማችሁበትን ወርና ዓመት በማርከር መሣሪያው ፊት ላይ ጻፉ፣ ጀርባው ላይ አይደለም። የእኔ ላይ ባለቤቴ ናት የጻፈችው። ከሥሩም «ፎጣ አይለብስም» የሚል ጨምራበታለች።